ዶሜይን ኮንትሮለር
ዶሜይን ኮንትሮለር በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ውስጥ የተጠቃሚን ስምና የይለፍ ቃል አረጋግጦ ወደ ኮምፒውተር መግባትን የሚፈቅድ ሰርቨር ነው። በዊንዶውስ ኤንቲ ዘመን ለውጥ የሚመዘገበው በአንድ ዋና ኮንትሮለር ላይ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ተጠባባቂዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይህን ልዩነት በአብዛኛው አስቀረ። ኮምፒውተሩ የሚያረጋግጥለትን ኮንትሮለር የሚያገኘው አገልግሎት ሰጪ ሰርቨሮችን ከሚጠቁሙት የዲኤንኤስ ኤስአርቪ መዝገቦች ነው፤ የአይፒ አድራሻው ንዑስ ኔትወርክ በተመደበበት «ሳይት» (የኔትወርክ አካባቢ) ያለውን ሰርቨር ያስቀድማል። ንዑስ ኔትወርኩ ለሳይት ካልተመደበ የቅርንጫፍ ሠራተኛን የሚያረጋግጠው ሩቅ ከተማ ያለ ሰርቨር ሊሆን ይችላል፤ ይህም ለመግቢያ መዘግየት የተለመደ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ምክንያት ነው። በአንድ ሳይት ውስጥ አስተዳዳሪው በመዝገቦቹ ቅድሚያና ክብደት ምርጫውን ይመራል፦ አነስተኛ የቅድሚያ ቁጥር ያለው ይመረጣል፤ እኩል ሲሆኑ ክብደት፣ በመነሻው 100፣ ጫናውን ያከፋፍላል።