የሩዋንዳ የአስተዳደር እርከኖች፦ ከንጉሥ ሹማምንት እስከ መንደር ጉባኤ

ሩዋንዳ 26 ሺህ 338 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ በኮረብታዎች የተሞላች የምሥራቅ አፍሪካ ሀገር ናት። ኢትዮጵያ በቆዳ ስፋት ከ40 ጊዜ በላይ ትበልጣታለች። በ2022 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ግን 13 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሕዝብ ተቆጥሮባታል። ይህን ሕዝብ የሚያስተዳድረው መዋቅር ከርእሰ ከተማዋ ኪጋሊ ተነሥቶ እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ድረስ የሚደርስ ነው። በዘመናት ውስጥ ለግብር መሰብሰቢያ፣ ለግዳጅ ሥራ፣ ለጅምላ ግድያ፣ ኋላም ለጤና መድኅንና ለመሬት ምዝገባ ውሏል። የሩዋንዳ የአስተዳደር እርከኖች ታሪክ ሹሙ ተጠሪነቱ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምስቱ እርከኖች

የዛሬው መዋቅር አምስት እርከኖች አሉት። የመጀመሪያው ኢንታራ የሚባለው ክፍለ ሀገር ሲሆን፣ የሰሜን፣ የደቡብ፣ የምሥራቅና የምዕራብ ተብለው የተሰየሙ አራት ክፍላተ ሀገር አሉ። የኪጋሊ ከተማ ከእነርሱ ጋር በእኩል ደረጃ ትቆጠራለች። ሁለተኛው አካሬሬ ወይም ወረዳ ነው፤ ቁጥራቸው 30 ነው። ሦስተኛው ኡሙሬንጌ ሲሆን ንዑስ ወረዳ ሊባል ይችላል፤ 416 ንዑስ ወረዳዎች አሉ። አራተኛው አካጋሪ ከቀበሌ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን ቁጥሩ 2 ሺህ 148 ነው። የመጨረሻው ኡሙዱጉዱ ማለትም መንደር ነው። መንደሮቹ 14 ሺህ 837 ሲሆኑ፣ በ2022ቱ ቆጠራ መሠረት አንድ መንደር በአማካይ 900 ገደማ ነዋሪዎች አሉት።

እርከኖቹ በሥልጣን እኩል አይደሉም። ክፍለ ሀገሩ በመንግሥት በሚሾም ገዥ የሚመራ ሲሆን፣ ዋና ሥራው ወረዳዎችን ማስተባበርና መከታተል ነው። በጀት የሚይዘው፣ ዕቅድ የሚያወጣውና ሠራተኛ የሚቀጥረው ወረዳው ነው። ወረዳው ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሁለት ምክትል ከንቲባዎች አሉት፤ ከምክትሎቹ አንዱ የኢኮኖሚ ልማትን፣ ሌላው ማኅበራዊ ጉዳዮችን ይመራል። ከንቲባው በነዋሪው ቀጥተኛ ድምፅ ሳይሆን በምክር ቤት አባላት ይመረጣል። ንዑስ ወረዳውና ቀበሌው የሚመሩት ደመወዝተኛ በሆኑ ሥራ አስፈጻሚ ጸሐፊዎች ነው። የልደት ምዝገባ፣ ጋብቻና የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ እነዚህ ጽሕፈት ቤቶች ነው። የመንደር መሪዎች ግን ደመወዝ አይከፈላቸውም። የሚመረጡትም ነዋሪው ከሚደግፈው እጩ በስተጀርባ በይፋ ተሰልፎ ነው።

አንድ ኮረብታ፣ ሦስት ሹማምንት

ከቅኝ ግዛት በፊት የሩዋንዳ ነገሥታት በማዕከላዊው ግዛታቸው አንድን አካባቢ ለአንድ ሹም ብቻ አይሰጡም ነበር። የመሬቱ ሹም ስለ እርሻና ስለ ሰብል ግብር፣ የግጦሹ ሹም ስለ ከብትና ስለ መስክ፣ የጦሩ ሹም ስለ ዘማቾች ይጠየቃሉ። በአንዱ ሹም የተበደለ ገበሬ ለሌላው የመጮህ ዕድል ነበረው። ንጉሡም ሹማምንቱ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ የግዛቱን ወሬ ከብዙ አቅጣጫ ይሰማ ነበር። ሥርዓቱ እኩልነት የሰፈነበት አልነበረም፤ ገበሬው ላይ የሚጫነው የጉልበት ግዴታ ከባድ ነበር። ሆኖም ሥልጣን የተከፋፈለ በመሆኑ የተወሰነ መተንፈሻ ነበረው።

ጀርመኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲገቡ ይህን ሥርዓት እንዳለ ይዘው በንጉሡ በኩል መግዛትን መረጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1916፣ ሀገሪቱን የያዙት ቤልጂጎች ግን ሦስት ሹም ለአንድ ኮረብታ መኖሩ ለአስተዳደር የማይመች ሆኖ አገኙት። ከ1926 ጀምሮ ሦስቱን ሹመቶች አዋህደው በየአካባቢው አንድ ሹም፣ ከሥሩም ንዑስ ሹም አደረጉ። የሁቱ ሹማምንት ከሥልጣን ሲነሡ፣ ሹመቱ ከሞላ ጎደል በቱትሲ መኳንንት እጅ ብቻ ገባ። ይህን አካሄድ ያልተቀበሉት ንጉሥ ዩሂ ሙሲንጋ በ1931 ከዙፋን ወርደው ልጃቸው ሩዳሂግዋ ተተኩ። በ1930ዎቹ ደግሞ ሁቱ፣ ቱትሲ ወይም ትዋ የሚል ምድብ የተጻፈበት መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው ተሰጠ።

ለገበሬው የለውጡ ትርጉም ግልጽ ነበር። መሬቱን፣ ከብቱንና ጉልበቱን የሚያዝዘው ሹም አንድ ሆነ፤ አቤት የሚባልበት ሌላ ደጅ ግን ተዘጋ። በ1959 ለፈነዳው ዐመፅ ከተከማቹት ቅሬታዎች አንዱ ይኸው ነበር።

የኮሚዩን ዘመን

ከዐመፁ በኋላ፣ በ1960፣ የሹም ግዛቶች ፈርሰው 229 ኮሚዩኖች ተቋቋሙ፤ በዚያው ዓመትም የአካባቢ ምርጫ ተካሄደ። የኮሚዩኑ መሪ ቡርግሜስትር ይባል ነበር። ሀገሪቱ ሐምሌ 1 ቀን 1962 ነጻነቷን ስታውጅ፣ ከኮሚዩኖቹ በላይ ፕሬፌክቱር የሚባሉ 10 ትልልቅ ክፍሎች ነበሩ።

መጀመሪያ ላይ ቡርግሜስትሩ በምርጫ የሚመጣ ነበር። በ1973 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ጁቬናል ሃቢያሪማና ግን ቡርግሜስትሮችን ራሳቸው መሾም ጀመሩ። ከ1975 ጀምሮ አንድ ፓርቲ ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዜጋ ከተወለደ ጀምሮ የፓርቲው አባል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ከኮሚዩኑ በታች ሴክተር፣ ከእርሱ በታች ሴል፣ ከዚያም በታች ዐሥር ቤቶችን የሚቆጣጠር ኒዩምባኩሚ የሚባል ተጠሪ ነበር። ቡርግሜስትሩ መሬት ይመድባል፤ ፖሊስ ያዝዛል፤ ጠብ ይዳኛል፤ የነዋሪዎችን መዝገብ ይይዛል። ኡሙጋንዳ የተባለው፣ ከደቦ ጋር የሚመሳሰለው የጋራ ሥራ ልማድም በዚህ ዘመን በየሳምንቱ የሚታዘዝ ግዴታ ሆነ።

ትእዛዙ ከላይ ሲመጣ

በ1994 ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባሉት 100 ቀናት ውስጥ በቱትሲዎች ላይ በተፈጸመው የዘር ማጥፋት ወንጀል ከ800 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱ ሰዎች ተገድለዋል። የግድያውን ፍጥነት ካስቻሉት ምክንያቶች አንዱ ይህ እስከ ዐሥር ቤት የሚደርስ መዋቅር ነበር። ማን የት እንደሚኖር መዝገቡ ያውቃል፤ ምድቡን መታወቂያው ይናገራል። ትእዛዙም በተለመደው የሥራ መስመር ይወርድ ነበር። ግድያው ራሱ «ሥራ» እየተባለ ይጠራ ነበር።

የሁለት ቦታዎች ታሪክ የመዋቅሩን ጉልበት ያሳያል። በደቡባዊቷ ቡታሬ የፕሬፌክቱሩ አስተዳዳሪ ዣን ባፕቲስት ሃቢያሊማና በሥልጣን ላይ እስካሉ ድረስ ሰፊ ጭፍጨፋ እንዳይጀመር ጥረት አድርገዋል። ሚያዝያ 17 ከሥልጣን ተነሡ፤ ኋላም ተገደሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ጊዜያዊው ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሲንዲኩብዋቦ ቡታሬ መጥተው ሕዝቡን የሚያነሣሣ ንግግር አደረጉ፤ ጭፍጨፋውም ተስፋፋ። የታባ ኮሚዩን ቡርግሜስትር ዣን ፖል አካየሱም እስከ ሚያዝያ 18 ድረስ ግድያን ለመከላከል ሲሞክር እንደነበር የፍርድ ቤት መዝገብ ያሳያል። በዚያ ቀን ከጊዜያዊው መንግሥት መሪዎች ጋር በተደረገ ስብሰባ ከተገኘ በኋላ ግን ወደ ገዳዮቹ ወገን ዞረ። አሩሻ ያስቻለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መስከረም 2 ቀን 1998 ጥፋተኛ አለው። በዘር ማጥፋት ወንጀል በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ የተባለው ሰው ይህ የኮሚዩን ሹም ነው።

እንደገና የተሠራው ካርታ

ከጦርነቱና ከጭፍጨፋው በኋላ የመጣው መንግሥት የዘር ምድብን ከመታወቂያ ላይ አጠፋ። በ1999 በሴልና በሴክተር ደረጃ ምርጫ ተካሄደ፤ በ2000 ሥልጣንን ወደ ታች የማውረድ ፖሊሲ ወጣ። በ2001 ኮሚዩኖቹ 106 ወረዳዎችና ከተሞች ሆነው እንደገና ተደራጁ። በ2003 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በውሳኔ ሰጪ አካላት ውስጥ ሴቶች ቢያንስ 30 በመቶ እንዲይዙ ደነገገ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2006 መጀመሪያ ነው። 12 የነበሩት ክፍላተ ሀገር ኪጋሊን ጨምሮ ወደ 5፣ 106ቱ ወረዳዎች ወደ 30፣ 1 ሺህ 545ቱ ሴክተሮች ወደ 416 ዝቅ አሉ። ምክንያቱ ሁለት ነበር። ትንንሾቹ ወረዳዎች በቂ ገቢም ባለሙያም ስላልነበራቸው ራሳቸውን ችለው አገልግሎት መስጠት አልቻሉም። በተጨማሪም የድሮዎቹ ወሰኖችና ስሞች ከክፍፍልና ከግድያ ትዝታ ጋር የተያያዙ ነበሩ። በዚህም ቡታሬ ሁዬ፣ ሩሄንጌሪ ሙሳንዜ፣ ጊሴኚ ሩባቩ፣ ጊታራማ ሙሃንጋ ተብለው ተሰየሙ።

ገበሬውና እርከኑ

አዲሱ መዋቅር በገበሬው ኑሮ ውስጥ የሚታየው በዕለት ተዕለት ጉዳዮች ነው። የድንበርና የውርስ ጠብ በቅድሚያ የሚቀርበው አቡንዚ ለሚባሉ ያለ ደመወዝ ለሚያገለግሉ የቀበሌ ሸምጋዮች ነው። ይግባኙ በንዑስ ወረዳ ደረጃ ይታያል፤ ከዚያ ያለፈው ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከ2009 ጀምሮ በተካሄደው የመሬት ምዝገባ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎች የተለዩት የአካባቢው ነዋሪዎችና የቀበሌ ኮሚቴዎች ባሉበት፣ ጎረቤት ለጎረቤት ወሰን እያሳየ ነው።

በ2006 የተጀመረው ጊሪንካ፣ ትርጉሙ «ላም ይኑርህ» ማለት ሲሆን፣ ለድሃ ቤተሰብ አንድ ላም ይሰጣል። ማን ይቅደም የሚለውን የመንደሩ ጉባኤ ይወስናል፤ ተቀባዩም የመጀመሪያዋን ጥጃ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን መዋጮም በእነዚሁ እርከኖች በኩል ተደራጅቶ አብዛኛውን ሕዝብ አቅፏል። ኡሙጋንዳ አሁን በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት የሚሠራ ሲሆን፣ ከሥራው በኋላ መንደሩ ተሰብስቦ ስለ ጉዳዮቹ ይነጋገራል።

ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች?

ከ2006 ጀምሮ የወረዳ ከንቲባዎች ኢሚሂጎ የተባለ የሥራ ውል ከሀገሪቱ ፕሬዝዳንት ጋር ይፈራረማሉ። ቃሉ ጥንት ጦረኛው በንጉሡ ፊት ይገባው ከነበረው የጀግንነት ቃል የተወሰደ ነው፤ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው ፉከራ ጋር ይቀራረባል። ከንቲባው ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ስንት የመማሪያ ክፍል፣ ስንት ሄክታር እርከን እንደሚሠራ ይፈርማል፤ በዓመቱ መጨረሻም ይመዘናል። ብዙዎች ለአገልግሎቱ መፋጠን ይህን አሠራር ያመሰግናሉ።

ትችቱም ከዚሁ ይነሣል። ከንቲባው በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ ስላልተመረጠና የሚመዘነው ከላይ በመሆኑ፣ የገበሬው ፍላጎትና የውሉ ቁጥር ሲጋጩ ቁጥሩ ያሸንፋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። በ2007 የተጀመረው የሰብል ምርታማነት መርሐ ግብር ለዚህ ምሳሌ ሆኖ ይነሣል። መርሐ ግብሩ ኩታ ገጠም መሬት ላይ ለአካባቢው የተመረጠውን ሰብል በጋራ መዝራትን የሚጠይቅ ሲሆን፣ የበቆሎና የስንዴ ምርት እንዲጨምር አግዟል። በአንጻሩ ማሳው ላይ የተለያየ ሰብል አሰባጥሮ በመዝራት የዝናብ መዛባትን ሲቋቋም የኖረ አነስተኛ ገበሬ የሚዘራውን የመምረጥ ነጻነቱ ጠቧል የሚል ቅሬታ አስከትሏል። በኪጋሊም በ2019 በወጣው ሕግ ሦስቱ የከተማዋ ወረዳዎች የራሳቸው ምክር ቤት ቀርቶ በተሿሚዎች እንዲመሩ ተደርጓል፤ ሥልጣኑ በከተማው አስተዳደር ተጠቃሏል።

ሩዋንዳ በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ካርታዋን ደጋግማ ሥላለች። የወሰንና የስም ለውጡ አገልግሎትን አቅርቧል፤ የተከፋፈለውንም ሕዝብ በአዲስ ስም ለማሰባሰብ ረድቷል። በ1926 ለገበሬው የተዘጋው ሌላ የአቤቱታ ደጅ ዛሬ በከፊል የተከፈተው በአቡንዚዎቹ ሸንጎ፣ በመንደሩ ጉባኤና በምክር ቤቶቹ ነው። በእነዚህ መድረኮች የሚነሣው የነዋሪ ድምፅ የወረዳውን ዕቅድ እስከ መቀየር ይደርሳል ወይ የሚለው ግን አሁንም ሩዋንዳውያንን የሚያነጋግር ጉዳይ ነው።