ካርዶን እንደ ነዳጅ ተክል

ካርዶን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሲናራ ካርዱንኩሉስ፣ መነሻው የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ የሆነ ኮሸሽላ መሰል እሾሃማ ተክል ነው። ከኑግ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል፤ ከሱፍ ጋር ደግሞ ዝምድናው ይቀርባል። ግንዱና ቅጠሉ ለማገዶ፣ የዘሩ ዘይት ለባዮዲዝል ይውላሉ።

አመጣጥ

በእርሻ የሚለማው ካርዶንም ሆነ እምቡጡ የሚበላው ዘመዱ አርቲቾክ ከዱር ካርዶን መገኘታቸውን የዘረመል ጥናቶች ያመለክታሉ። የትና መቼ እንደተላመዱ ግን ያከራክራል። ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ በሲሲሊ ስለሚበቅል፣ ለምግብ ስለሚውል እሾሃማ ተክል ጽፏል። ሮማዊው ፕሊኒም በ1ኛው ክፍለ ዘመን በካርቴጅና በኮርዶባ ዙሪያ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ የዚህ ዓይነት ተክል ይለማ እንደነበር መዝግቧል። አርቲቾክ ይሁን ካርዶን ግን ከጽሑፉ ብቻ መለየት ያስቸግራል። አንዳንድ ተመራማሪዎች አርቲቾክ በሲሲሊ አካባቢ በጥንት ዘመን፣ ካርዶን ደግሞ ዘግይቶ በምዕራብ ሜዲትራኒያን እንደተላመዱ ይገምታሉ። ግምቱ አሳማኝ ይመስላል፤ ገበሬው ከአርቲቾክ ትልቅ እምቡጥ፣ ከካርዶን ወፍራም የቅጠል አገዳ ነበርና የሚፈልገው። ዛሬ ለነዳጅ የሚመረጠውም በአብዛኛው ይኸው ቅጠሉና ግንዱ የገዘፈው ዓይነት ነው።

አበቃቀል

ካርዶን በሜዲትራኒያን አካባቢ በመስከረምና በጥቅምት ዝናብ ያቆጠቁጣል፤ በሞቃቱ ደረቅ ወቅት ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ይደርቃል፤ ሥሩ ግን አይሞትም። አንዴ ከተዘራ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊታጨድ ይችላል። ሥሩ ጠልቆ ውሃ ስለሚስብ በዓመት 450 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ሊበቃው ይችላል። በተመቸ ሁኔታ ከአንድ ሄክታር ከ10 እስከ 20 ቶን ደረቅ ምርት ይገኛል፤ በድርቅ ዓመት ግን በእጅጉ ይቀንሳል።

ነዳጅነቱ

ከዘሩ ሩብ ያህሉ ዘይት ነው። ዘይቱ ከሜታኖል ጋር ሲዋሐድ ባዮዲዝልና ግሊሰሪን ይሰጣል። ሊኖሌይክ አሲድ ስለሚበዛበት ግን ባዮዲዝሉ ለረጅም ጊዜ ሲከማች ይበላሻል። በተጨማሪም ዘሩ ከጠቅላላው ምርት ጥቂቱ ክፍል ነው። ስለዚህ ካርዶንን በዋናነት የዘይት ሰብል አድርጎ ማቅረብ ያሳስታል፤ አብዛኛው ኃይሉ ያለው በደረቀው ግንድና ቅጠል ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን እንከን አለበት፦ አመዱ ከእንጨት አመድ ይበዛል፤ ፖታሲየሙና ክሎሪኑ አመዱ እንዲቀልጥና ከምድጃው ግድግዳ ጋር እንዲጣበቅ ያደርጋሉ፤ ብረቱንም ያዝጋሉ።

በተግባር

በስፔን የማድሪድ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ አጥንቶታል። በጣሊያን ሰርዲኒያ ደሴት፣ በፖርቶ ቶሬስ፣ ኖቫሞንትና በኋላ ቬርሳሊስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ማትሪካ የተባለ የጋራ ኩባንያ መሠረቱ። የካርዶን ዘይት እዚያ በዋናነት የታሰበው ለባዮፕላስቲክና ለማለስለሻ ቅባት ግብዓቶች ነው።

ሌላ ጥቅም

በፖርቱጋል የአበባው ክሮች ለአይብ ማርጊያ ያገለግላሉ።

ወራሪነት

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በደቡብ አሜሪካ ሲጓዝ ካርዶን ሰፊ ሜዳ አልብሶ መተላለፊያ እንዳሳጣ ተመልክቷል። በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያም ወራሪ አረም ሆኗል። በመሆኑም ከትውልድ አካባቢው ውጭ ለነዳጅ የሚዘራ ከሆነ፣ ዘሩ በነፋስ ሳይበተን አጭዶ መሰብሰብ ግድ ነው።