የገደል ማሚቶን በሒሳብ ስለ መያዝ

በገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ ሲመጣለት የገደል ማሚቶ መለሰችልኝ ይላል። ማሚቶይቱ ግን የጠሪውን ቃል ብቻ አትመልስም፤ የገደሉንም መልክ አብራ ትናገራለች። ድምፅ ሞገድ ስለ ሆነ አንድ ነገር ባገኘ ጊዜ እንደ ነገሩ ቅርጽና እንደ ራሱ ሞገድ ርዝመት በየአቅጣጫው ይበተናል። ሊቃውንት ይህን ብትን ድምፅ በስሌት አስቀድመው ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ሎርድ ሬሊ በ1877 እና በ1878 ስለ ድምፅ ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት መሠረቱን ጣለ። ከሞገዱ ርዝመት እጅግ ያነሰ ነገር ሲገኝ፣ የድምፁ ርግብግብታ እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚበተነው ኀይል 16 እጥፍ እንደሚሆን ከእርሱ ሥራ እንረዳለን። ክብ ኳስ የሚበትነውንም ድምፅ በብዕርና በወረቀት ማስላት ተቻለ። ዳሩ ግን መርከብም፣ ዓሣም፣ የሰው ጆሮም ኳስ አይደሉም።

ጉዳዩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ በሚያዝያ 1912 ታየ። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ስትሰጥም ከ1,500 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ። ይህ በሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የበረዶ ተራራን በድምፅ ማሚቶ አስቀድሞ ለማወቅ የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ1914 ሬጂናልድ ፌሰንደን በባሕር ላይ ባደረገው ሙከራ የበረዶ ተራራን ማሚቶ በመሣሪያው ሰማ። ያው ሪቻርድሰን በ1922 በአየር ጠባይ ትንበያ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ 64,000 ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሲያሰሉ በሐሳቡ አይቷል። አንድ ሰው የማሚቶንና የብዙ ስሌትን ነገር ለየብቻ ማለሙ የሚያስገርም ነው፤ ሁለቱ በሚገባ የተገናኙት ግን ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የነገሩ ገጽ በትናንሽ ቁራሾች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ቁራሽ ከውጭ የመጣውን ድምፅና ሌሎቹ ቁራሾች ሁሉ የሚልኩበትን ድምፅ አንድ ላይ ይቀበላል። በባሕር ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሴኮንድ 15,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ እንግዲህ የሞገዱ ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ነው። የቁራሹን ጎን የዚህ አንድ አሥረኛ ብናደርገው፣ 100 ካሬ ሜትር ገጽ ያለው ነገር አንድ ሚሊዮን ቁራሾች ይወጡታል። እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ይተሳሰብ ቢባል አንድ ትሪሊዮን ግንኙነት ይሆናል። ርግብግብታው እጥፍ ሲሆን ደግሞ ቁራሾቹ 4 እጥፍ፣ ግንኙነቶቹም 16 እጥፍ ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ዕዳ ኮምፒዩተር በማሳደግ ብቻ ለመክፈል መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ስሌቱ ሌላም ነውር ነበረው። የነገሩ ውስጥ ባዶ ቢሆን ኖሮ በሚያስተጋባባቸው ቃናዎች ላይ፣ ስለ ውጭው ድምፅ የተጠየቀው ስሌት አንድ እርግጠኛ መልስ መስጠት ያቅተዋል። ሼንክ በ1968፣ በርተንና ሚለርም በ1971 ለዚህ መድኃኒት አገኙ።

የብዛቱ ዕዳ የተቃለለው ግን በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ነው። ቭላድሚር ሮክሊን በ1985 መንገዱን ጀመረ፤ ከሌስሊ ግሪንጋርድ ጋርም በ1987 የክፍለ ነገሮችን መሳሳብና መገፋፋት በፍጥነት የሚያሰላ ዘዴ አሳተሙ። በቢሮ ላለ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በአገር ያለ ሰው ሁሉ ለሰው ሁሉ ደብዳቤ ይጻፍ ቢባል ፖስታ ቤቱ በአንድ ቀን ይዘጋል። ጎረቤት ከጎረቤቱ በቃል ቢነጋገር፣ የሩቁ ጉዳይ ግን ከቀበሌ ተጠቃሎ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ዞን ቢወጣ፣ ዞን ከዞን ማጠቃለያ ቢለዋወጥና ጉዳዩ በዚያው መሰላል ወርዶ ለየሰው ቢደርስ ሥራው ይቀላል። ማጠቃለያ ምን ጊዜም የሚያስቀረው ነገር እንዳለ መዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። የሁለቱ ሊቃውንት ብልኀት የሚቀረው ነገር መጠን አስቀድሞ በሒሳብ እንዲወሰን ማድረጋቸው ነው፤ ስሕተቱ ከተፈቀደለት ወሰን አያልፍም።

ለድምፅ ሞገድ ግን ይህ ብቻ አልበቃም። ብዙ የሞገድ ርዝመት የሚያህል ወረዳ በየአቅጣጫው ልዩ ልዩ ድምፅ ስለሚያሰማ ማጠቃለያው ከዝርዝሩ የማያንስ ይሆናል። ሮክሊን በ1990 በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ለሚታሰብ፣ በ1993 ደግሞ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ላለው ነገር ማጠቃለያው በአቅጣጫ የሚመዘገብበትን መንገድ አገኘ። በዚህ አመዘጋገብ ከቢሮ ወደ ቢሮ ማስተላለፍ ለያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ማባዛት ብቻ ሆነ። የቁራሾቹ ቁጥር እጥፍ ሲሆን ሥራው 4 እጥፍ መሆኑ ቀርቶ ከእጥፍ ጥቂት ብቻ የሚያልፍ ሆነ። ግሪንጋርድና ሮክሊን ስለ 1987ቱ ጽሑፋቸው በ2001 የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር የስቲል ሽልማት ተሰጣቸው።

ዛሬ በዚህ ዘዴ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ማሚቶ ይሰላል፤ የሰው ራስና ጆሮ ድምፅን እንዴት እንደሚያጥፉም ይመረመራል። አስቸጋሪ ሆኖ የቀረው ዋሻ መሰል ቅርጽ ነው። ድምፁ በውስጡ ደጋግሞ ስለሚመላለስ፣ ኮምፒዩተሩ ግምቱን እያረመ ወደ መልሱ የሚቀርብበት ዙር እጅግ ይበዛል፤ እያንዳንዱ ዙር ቢፈጥንም ጠቅላላው ስሌት ይዘገያል።