የደጋ አየርና የአይሮፕላን ነጂ ነገር

በምዕራብ ደቡብ ወሎ፥ በቦረና አገር ያለችው መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አገሩን ባንድ ወገን ዓባይ፥ ባንድ ወገን በሽሎ ሰንጥቀውት ይወርዳሉ፤ በዚያው ደጋ አምባ ፈሪት ወደ 4,000 ሜትር ተጠግቶ ይታያል። በእንዲህ ያለ አገር በቅሎ ቀኑን ሙሉ ወርዳና ወጥታ የምትጨርሰውን ገደል አይሮፕላን በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል፤ ስለዚህም በመካነ ሰላም ለትንሽ አይሮፕላን የሚሆን ማረፊያ ሜዳ ተበጅቶ ነበር። ነገር ግን ከገደሉ በላይ ያለው ሰማይ ከገደሉ ይልቅ የዋህ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የአየሩን ጠባይ አላወቀም።

በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር አራተኛ እጅ ያህል ይሳሳል። ክንፉ የሚደገፍበት፥ ሞተሩ የሚተነፍሰው፥ ከፊት የሚሽከረከረውም መቅዘፊያ የሚቀዝፈው ይኸው አየር ስለ ሆነ፥ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ይደክማሉ። በቆላ ባጭር ሜዳ ሮጦ የሚነሣው አይሮፕላን በደጋ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ቶሎ ከፍ አይልም። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ አየሩ ይብሱን ይሳሳል፤ ከቀትር በኋላም ገደሉን ተከትሎ የሚወጣውና የሚወርደው ነፋስ ትንሹን አይሮፕላን እንደ ገለባ ያንገላታዋል። ልምድ የሌለው ነጂ ዛፍ በፊቱ ሲደቀንበት የአይሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ቢያደርግ የሚያመልጥ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ያልቅበትና ክንፉ መሸከም ይተዋል።

ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የገባው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ፖቴዝ 25 ነበር፤ ነጂውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነው። ብዙም ሳይቈይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በትዕግሥት ተምረው ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች ተቈጠሩ። በዚያው ዘመን ነው በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ፥ በሃርለም፥ «ጥቁሩ ንስር» እየተባለ ስሙ የገነነው ሁበርት ጁሊያን የመጣው።

ይህ ሰው የታወቀው በዣንጥላ ከሰማይ በመውረድ ነበር። ሰኔ 27 ቀን 1916 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ 1ኛ» ብሎ በሰየመው አይሮፕላን ከሃርለም ወደ አፍሪካ እበርራለሁ ብሎ ብዙ ሕዝብ እያየው ተነሣና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፍላሺንግ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ወደቀ። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሡ ፊት በዣንጥላ ቢወርድ ትርኢቱ ደስ አሰኝቶ የኮሎኔልነት ማዕረግና የኢትዮጵያ ዜግነት ተሰጠው። ድፍረቱን ማንም አይነሣውም፤ ዳሩ ግን ከአይሮፕላን መዝለልና አይሮፕላን መንዳት ልዩ ልዩ ትምህርት ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከሆነው የዘውድ በዓል አስቀድሞ፥ ለበዓሉ ልምምድ ሲደረግ፥ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዱትን ጂፕሲ ሞት አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጭቶ ሰባበረው። እርሱ ከሞት ቢተርፍም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ሰዎች ሆን ብለው ሞተሩን አበላሹብኝ ሲል ይከራከር ነበር፤ ይህም እውነት ቢሆን፥ ሞተሩን ሳይነሣ መመርመር የነጂው ሥራ ነው። በቅኔ ቤትም ጉባኤ ቃና ሳይቈጥር መወድስ ልዝረፍ የሚል ደቀ መዝሙር አይጠፋም፤ የዚያ ስሕተት ግን ሳቅ ያመጣል እንጂ አጥንት አይሰብርም።

በ1927 ዓ.ም. የመጣው ጆን ሮቢንሰን ሌላ ሰው ነው። አስቀድሞ በተስኪጊ የሞተር ሥራ፥ ኋላም በቺካጎ በረራ ተምሮ፥ ሌሎችንም አስተምሮ ነበር። ጁሊያንም ጦርነቱ ሲቃረብ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የአየር ኃይሉ አመራር ለሮቢንሰን ተሰጠ። እርሱም መሣሪያ በሌላቸው ጥቂት አይሮፕላኖች፥ የጣልያን አይሮፕላን ሰማዩን በሞላበት ጊዜ፥ ከዋና ከተማው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር መልእክት ያመላልስ ነበር። ከድል በኋላም በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን አስተማረ። ይሁን እንጂ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በትንሽ አይሮፕላን ሲበር ወድቆ፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ።

እንግዲህ አንባቢ፥ «የተማረውም ከሞተ ትምህርቱ ምን ጠቀመ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚገባ ነው። በአሜሪካ በግል በሚነዱ ትንንሽ አይሮፕላኖች ሰው የሚሞትበት አደጋ በ100,000 የበረራ ሰዓት 1 ያህል ሲሆን፥ መንገደኛ በሚያመላልሱት ታላላቆች ከዚያ እጅግ ያንሳል፤ ልዩነቱን ካመጡት ዋነኞቹ የነጂው ልምምድና የሥርዓቱ ጥብቅነት ናቸው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር በተነሣው ቦይንግ 737 ርግቦች ሁለቱንም ሞተሮች ገቡባቸው። ነጂዎቹ ወደ ሜዳው ሊመለሱ ሲጥሩ ሞተሮቹ ጨርሰው ጠፉ፤ በዚህ ጊዜ ጎማ ሳይዘረጉ አይሮፕላኑን በሆዱ ምድር ላይ አሳረፉት። እሳትም ተነሣበት። ከነበሩት 104 ሰዎች 35 ሞቱ፤ 69 ተረፉ።