የቴአትር ቤት ሙዚቀኛና የሸክላ አሳታሚው

ለሠዓሊ ሸራው፣ ለደራሲ መጽሐፉ ይቀርለታል። በቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ የሚጫወት ሙያተኛ ግን ለረጅም ዘመን መጋረጃው ከወረደ በኋላ በእጁ የሚቀር ነገር አልነበረውም። ከዚህ ዕጣ ያወጡት የሸክላ አሳታሚዎች ናቸው። እኔም በአንድ ቴአትር ቤት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ትራምፔት ስነፋ የኖርሁ በመሆኔ፣ ስለ እነርሱ የምሰጠው ፍርድ ከአድልዎ ፍጹም የጸዳ ነው ብዬ አልከራከርም።

እንደሚታወቀው የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎችም በየፊናቸው ይሠሩ ነበር። መሣሪያው፣ ደመወዙ፣ አዳራሹና መምህሩ ሁሉ የመንግሥት ነበር። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ኖታ ማንበብ የተማርነው በዚያ ቤት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ ከውጭ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ በየመድረኩ የሚፈልቀው አዲስ ዘመናዊ ሙዚቃ በራዲዮ ከመሰማት አልፎ በሕዝቡ እጅ የሚገባበት መንገድ አልነበረውም።

ይህን አጥር የደፈረው አቶ አምሃ እሸቴ ነው። ሥራውን ሲጀምር ገና የሃያዎቹን ዕድሜ አጋማሽ ያልዘለለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ስም የያዘ የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁሞ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አወጣ። (የአባታቸው ስም ቢመሳሰልም ወንድማማቾች አይደሉም።) ትእዛዙ አልተሻረም ነበርና ነገሩ ወደ እስር ሊያደርሰው እንደሚችል ያውቅ ነበር። ሆኖም ሸክላው ወጣ፤ ሕዝቡ ገዛው፤ አሳታሚውም አልታሰረም። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ያህል ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 12 ትላልቅ ሸክላዎች አሳተመ። የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» ከእነዚህ አንዱ ነው። በነዚያው ዓመታት ፊሊፕስም፣ የዓሊ ታንጎ ካይፋም በዚሁ ሥራ ተሰማሩ።

ሸክላ የማውጣት ሥራ እንዴት ይካሄድ እንደ ነበር የዛሬ አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። ዘፋኙና መላው ባንድ ባንድነት፣ ባንድ ጊዜ ይጫወታሉ። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራል። በአገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቴፑ ወደ ውጭ አገር ይላክና ሸክላው ታትሞ በካርቶን ይመለሳል። የባለ 45 ዙር ሸክላ አንድ ፊት የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ በመሆኑ፣ በመድረክ ላይ የፈለግነውን ያህል እናስረዝመው የነበረውን ዜማ ማሳጠር ግድ ነበር። የስቱዲዮው፣ የጭነቱ፣ የማተሚያው ወጪ ሁሉ ከአሳታሚው ኪስ ይወጣል። ሸክላው ባይሸጥ ኪሳራው የእርሱ ነው። እኛ ግን በወሩ መጨረሻ ደመወዛችንን እንቀበል ነበር።

አሳታሚዎቹ ነጋዴዎች እንጂ መላእክት አልነበሩም። በሸክላው ላይ የሚታተመው የዘፋኙ ስም ነው። ከጀርባው የነፋው፣ የመታው፣ ብዙ ጊዜም ዜማውን ያቀናበረው ሰው ስሙ ይቀራል። የተከፈለን ላንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት እንደ ተሸጠ ጠይቆ የተረዳ ባልደረባ አላውቅም። በየቴአትር ቤቱ ኮሪደር «ነጋዴ ባለሙያን በላ» እየተባለ ሲወራ እኔም አብሬ አውርቻለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ከወሬው ግማሹ ከቅናት የመነጨ ይመስለኛል። እነርሱ የደፈሩትን እኛ አልደፈርነውምና።

ሁለት ሰዎችን አነጻጽሬ ላሳይ። ሳክስፎኒስት ጌታቸው መኩሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገለ ሙዚቀኛ ነው። የጀግኖችን ሽለላና ፉከራ ወደ ሳክስፎን አምጥቶ መሣሪያውን እንደ አቅራሪ አስጮኸው። ፊሊፕስ ይህን ሥራውን በትልቅ ሸክላ አሳተመለት። ሸክላው ከአገር ወጥቶ ዞረ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ዚ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ ፈልጎት መጣና እ.ኤ.አ. በ2006 አብረው አልበም አወጡ። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ የሳክስፎኑን ድምፅ በአውሮፓ የሚያውቁት ብዙዎች ነበሩ።

በዚያው ቴአትር ኦርኬስትራውን የመሩትና ያሠለጠኑት ነርሲስ ናልባንዲያን ግን ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። እኒህ አርመናዊ መምህር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ለትልቅ ኦርኬስትራ የሚሆን ቅንብርን ለአንድ ትውልድ ሙዚቀኞች አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዐርፈዋል። ከኦርኬስትራቸው ጋር የሠሩትን በሸክላ ያወጣላቸው አሳታሚ ባለመኖሩ፣ ከድካማቸው የቀረው በአብዛኛው የኖታ ወረቀት ነው። ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ቅንብሮቻቸውን አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በብሔራዊ ቴአትር ሲጫወት፣ ወጣቱ አድማጭ ሥራቸውን ያወቀው ከእንግዳ እጅ ነበር። ከሁለቱ የቱ የበለጠ ባለሙያ ነበር ማለቴ አይደለም። የለያያቸው ገንዘቡን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው መኖርና አለመኖሩ ነው።

አቶ አምሃ በ1975 እ.ኤ.አ. አገሩን ለቆ አሜሪካ ገባ፤ በዋሽንግተንም የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ከፈተ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በፈረንሳይ አገር በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ በታተሙት ሲዲዎች ውስጥ የእርሱ ሸክላዎች ብዙውን ቦታ ይዘዋል። ከሲዲዎቹ ጋር በወጡት መጽሔቶች ላይም በሸክላው ላይ ያልታተመው የብዙ ሙዚቀኛ ስም ተጽፏል። አምሃ በሚያዝያ፣ ዓለማየሁ በነሐሴ፣ ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። በእኔ ቤት ከመጽሐፍ መደርደሪያው ታች ባለ 45 ዙር ሸክላ አለች፤ በሁለተኛው ፊቷ ላይ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት የሚሰማው ትራምፔት የእኔ ነው።