ዓመቱ ቆሞ የቀረ ሳንቲም

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወራችሁ የሳንቲም ነገር ነው፤ የሚያጠፉት ሳይሆን የሚሰበስቡት ሳንቲም።

አሜሪካ ውስጥ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረ ልጅ ብዙ ጊዜ ሊንከን ካለባት አንድ ሳንቲም ይነሣል። ሳንቲሟ ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ስትታተም ስለኖረች፣ በተቦረቦረ ካርቶን ላይ የየዓመቱን አንድ አንድ እየደረደረ ይሄዳል። የጎደለውን ባዶው ቀዳዳ ራሱ ይነግረዋል። ደስ የሚል ሥራ ነው። ይህን መንገድ ወደኛ አገር ሳንቲም ይዞ የመጣ ሰው ግን ሦስተኛውን ሳይደረድር ግራ ይገባዋል። የኛ ሳንቲም ዓመቱ ቆሞ የቀረ ነዋ! ሦስት ቁጥሮች ያዙልኝ፦ 1780፣ 1936፣ 1969። በኛ ሰው እጅ ከዞረው ሳንቲም እጅግ ብዙው ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ የተጻፈበት ነው።

ከ1780 ልጀምርላችሁ። ማሪያ ቴሬዛ ኦስትሪያን የገዛች ንግሥት ነበረች፤ በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ሞተች። እሷ ብትሞትም ፊቷ ያለበት ብሯ አልሞተም። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ ያመነው ያንን ፊትና ያንን ዓመት ስለነበር፣ ቪየና ከዚያ ወዲህ ባተመችው በዚህ ብር ሁሉ ላይ 1780 እያለች ቀጠለች። ብሩም ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን ተከትሎ እኛ ዘንድ ገባ። ጠገራ ብር ተባለ፤ ማርትሬዛ ተባለ። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር። የገበያ ሰው ሲቀበለው ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። ወደ ብርሃን ያዞርና የንግሥቲቱን ትከሻ ያይ ነበር። ትከሻዋ ላይ ልብሷን የያዘ ጌጥ አለ፤ ጌጡን ዙሪያውን ዕንቁ ከቦታል። ዕንቁዎቹ አንድ ባንድ ተለይተው ከታዩት ብሩ ይገባ ነበር፤ ደብዝዘው ከተደባለቁበት ‹‹ሌላ አምጣ›› ይል ነበር።

ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲነሣ ይህንን ያውቅ ነበር። ለአገሬው የሚከፍለው አገሬው የሚያምነው ገንዘብ መሆን ነበረበት። በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ቅርጽ ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ ማሳተም ጀመረ። እንግሊዝም ዝም አላለችም፤ ለንደን አተመች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ። ፓሪስና ብራስልስም አተሙ። ሁሉም 1780 ብለው! ስለዚህ በአያትህ ሳጥን ውስጥ ያለው ማርትሬዛ የቪየና ይሁን የሮም፣ የቦምቤይ ይሁን የለንደን ቁጥሩ አይነግርህም። የሚነግርህ የዕንቁው አቀማመጥና በጀርባው ያለው ንስር የጅራቱ ላባ ነው። ይህ ዓመታት የሚፈጅ ዕውቀት ነው። ለጀማሪ አልመክረውም። ከቤተሰብ የወረሳችሁት ካለ ግን ያዙት፤ በተለይ ለአንገት ጌጥ ተብሎ ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነ። ዋጋ ተማኞች የተበየደውንና የተበሳውን ‹‹የተበላሸ›› ብለው ከዋጋው ይቀንሱበታል። እኔ እንዲያውም አስቀድሜ የማነሣው እሱን ነው፤ የማን አንገት ላይ እንደዋለ አውቃለሁና።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በሎሚና በአመድ የፈተጋችሁት ብር ያብረቀርቃል፤ ግን ያለቀለት ብር ነው። የንግሥቲቱን ጸጉር አብራችሁ ፈትጋችሁታል። የጠቆረውን እንደጠቆረ፣ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ፣ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡት።

የእህቴ ልጅ መሰብሰብ ሲያምራት ‹‹ጋሼ፣ የአክሱሙን ሳንቲም ልግዛ?›› ብላኝ ነበር። ሻጮች አሳይተዋታል፤ ልቧም ሄዷል። ልብ ቢሄድ አይፈረድም። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ማለትም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ አሳትመዋል። የንጉሡን ራስ ከግራና ከቀኝ የእህል ዛላ ያቅፈዋል። በንጉሥ ኢዛና የቀደሙት ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክብ ነበረ፤ ክርስትናን ሲቀበል መስቀሉ ገባ። አንድ ሕዝብ ሃይማኖት ሲለውጥ ከጥፍር በምትሰፋ ብረት ላይ ታያላችሁ። ነሐሱ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ የለበጡበትም አለ፤ ይህን ጥበብ በዚያ ዘመን በሌላ አገር ገንዘብ ላይ አታገኙትም። ይህ ሁሉ ሆኖ እኔ ‹‹አይሆንም›› አልኳት። የአክሱም ሳንቲም ቅርስ ነው። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ከሕጉም በላይ፣ ከየትኛው ቁፋሮ፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ያልታወቀ ሳንቲም ግማሽ ታሪኩን መሬት ውስጥ ትቶ የመጣ ነው። ሙዚየም ሄደሽ እዪው አልኳት።

‹‹እሺ፣ ምኒልክስ?›› አለችኝ። ምኒልክ መልካም ነው፤ ትዕግሥትና ገንዘብ ላለው። ንጉሠ ነገሥቱ በፓሪስ ያሳተሙት ብር 1887 ዓ.ም. ይላል፤ ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው የተሠራው። ገበያው ግን የለመዳትን ሴትዮ አልለቅም አለ፤ ማርትሬዛ ከምኒልክም በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። የምኒልክን ብር የሚሰበስብ ሁለት ነገር ይወቅ። የግዕዝ ቁጥር ያንብብ፤ ፲፰፻፹፯ና ፲፰፻፹፱ የተለያዩት በአንዲት ምልክት ነውና። ከዚያ በጀርባው ያለውን አንበሳ ይይ፤ በአንዳንዱ ያነሣው ግራ እግሩን ነው፣ በአንዳንዱ ቀኙን። ለቱሪስት የሚሠራ ተመሳስሎ የተቀረጸም አለ። ማግኔት ያስጠጉት፤ ከተሳበ ብር አይደለም። ሚዛንም አይጥፋ።

አሁን ወደ ልቤ ልምጣ። ለጀማሪ የምመርጠው ኪስ ውስጥ የኖረውን ሳንቲም ነው። 1936ን ተመልከቱ። የሚያሳዩን ዘውድ የሌላቸውን ኃይለ ሥላሴ ነው፤ በ1923 ማቶና በተባሉት ሳንቲሞች ላይ ዘውድ ደፍተው ነበር። የ1936ቱ ፊላዴልፊያ ታተመ፤ አዲሱ ብር ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ሳንቲሙ ከብሩ ቀደመ ማለት ነው። ከዚያም ንጉሡ እስኪወርዱ ድረስ ለገበያ የሚታተመው ሁሉ 1936 እንዳለ ቀረ። ሽልንጉ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ከብር የተሠራ ነበር፤ ስሙኒው፣ ማለትም ሃያ አምስቱ፣ ከመዳብ። ስፋታቸው በጣም ስለሚቀራረብ ይምታቱ ነበር። ስለዚህ ክቡ ስሙኒ ከገበያ ተሰበሰበና በምትኩ ጠርዙ ዙሪያውን ገባ ወጣ ያለው ወጣ። ዓመቱ ያው 1936፣ ፊቱም ያው፤ የተለወጠው ጠርዙ ብቻ። ዓመት ቆጣሪው ሁለቱን አንድ ብሎ ያልፋቸዋል። ጣቱን በጠርዙ ላይ የሚያዞር ሰው ግን በጨለማም ይለያቸዋል። ምን ልሰብስብ ለሚለኝ የምመልሰው ይህንን ነው፤ ቁጥሩን ተውና እጅህንና ዓይንህን አሠልጥን።

ደርግ መጣ፤ 1969። የንጉሡ ፊት ወረደ፣ አንበሳውም ዘውዱን አጥቶ ራሱ ብቻ ቀረ። አንድ ሳንቲሙ ላይ በጥማድ በሬ የሚያርስ ገበሬ፣ አምስቱ ላይ ወታደር፣ አሥሩ ላይ ኒያላ፣ ስሙኒው ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት። አሁንም ለረጅም ዘመን 1969 እያለ ቀጠለ። ኋላ የመጡት ላይ ዓመቱ ተለውጧል፤ የ2000ውን አሥር ሳንቲም ማግኔት ይስበዋል፣ የ1969ኙን አይስበውም። በልጅነታችን ከረሜላ የገዛንባቸው እነዚህ ናቸው። ዛሬ ዕቃ አይገዙም፤ የሱቅ ሰው ከመሳቢያው ሥር ጠርጎ ነው የሚሰጣችሁ። ለመሰብሰብ ጊዜው አሁን ነው። አቅልጠው ከጨረሷቸው በኋላ ማን ያመጣቸዋል?

ለሽያጭ በካርቶን የሚመጡትን የመታሰቢያ ሳንቲሞች በአጭሩ ልለፋቸው። በ1970 የወጣው የዱር አራዊት ሳንቲም ያምራል፤ ግን ማንም ዳቦ አልገዛበትም።

የእህቴ ልጅ ሰምታኝ ስሙኒን መረጠች፤ ስሙኒን ብቻ፣ ከዘመን ዘመን። የ1923ቱን ኒኬል ሃያ አምስት ማቶና ከአንዲት እናት ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ አገኘች። ገባ ወጣ ያለው ጠርዝ፣ የ1969ኙ፣ ከሱ ወዲህ ያለውም ተገኝቷል። የጎደላት የ1936ቱ ክቡ ስሙኒ ነው። እንግዲህ እናንተ የምትሰሙኝ፣ ቤታችሁ አሮጌ ሙዳይ ወይም የስፌት ሣጥን ካለ ክፈቱና መዳብ ስሙኒ ፈልጉልኝ። ጠርዙን በጣታችሁ አዙሩ፤ ለስላሳ ክብ ከሆነ እሱ ነው። ብቻ እባካችሁ፣ አትወልውሉት።