የእስፓኝ ሰዎች ከኮርማ ጋራ ስለሚያደርጉት ውጊያ

የአገር ልማድ የሚባለው ነገር ከአባት የተወረሰ በመሆኑ ብቻ ሊከበር ይገባዋልን? ወይስ እየተመረመረ በጎው ሊያዝ፥ ክፉው ሊጣል? በዚህ ጥያቄ የእስፓኝ ሕዝብ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲከራከርበት ኖሯል፤ እስከ ዛሬም አልቈረጠውም። የክርክሩ ምክንያት ኮርማ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ውጊያውን ላላየ ሰው አደራረጉ እንዲህ ነው። የሚመረጠው ኮርማ ቀንበር ያልነካው፥ በሰፊ መስክ ተለቆ ያደገ፥ አራት ዓመት የሞላው ነው። ክብ ወደ ሆነው ሜዳ ሲገባ አስቀድሞ ፈረሰኞች ጫንቃውን በጦር ይወጉታል፤ ቀጥሎ እግረኞች በወረቀት ያጌጡ፥ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የሆነ በትሮች በጀርባው ላይ ይተክሉበታል፤ በመጨረሻም ማታዶር የሚባለው ዋናው ተዋጊ በቀይ ጨርቅ እያታለለ ካደከመው በኋላ በሰይፍ ይገድለዋል። ኮርማው ቀይ የሚጠላ ይመስላል እንጂ የሚያባርረው የጨርቁን መወዛወዝ ነው፤ ቀይነቱንስ ለይቶ አያይም። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረታችን እንደዚህ በትክክል የሚፈጸምበት ሌላ ስፍራ ያለ አይመስለኝም። ብዙውን ጊዜ ሦስት ማታዶሮች በአንድ ቀን ስድስት ኮርማ ይገድላሉ።

በ1567 ዓ.ም. የሮማው ፓፓ ፒዮስ 5ኛ ይህ ትርኢት ለሰው ሳይሆን ለአጋንንት የሚገባ ነው ብሎ፥ የሚፈቅዱትን ነገሥታትና መኳንንት አወገዘ፤ በሜዳው የሞተም ሰው በክርስቲያን ሥርዐት እንዳይቀበር ከለከለ። ንጉሡ ፊልጶስ 2ኛ ለሃይማኖቱ እጅግ የሚቀና ሰው ሲሆን፥ ይህን ዐዋጅ ግን በአገሩ እንዳይሠራበት አደረገ። በ1575 ዓ.ም. ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ ግዝቱን ለምእመናን አላላው፤ በ1596 ዓ.ም. ደግሞ ክሌመንት 8ኛ ከመነኮሳት በቀር ለሁሉም አነሣው። ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ግዝቱ ተሸነፈ ማለት ነው። ፒዮስ ያዘነው ስለሚሞተው ሰው ነፍስ እንጂ ስለ ኮርማው እንዳልሆነም ልብ ማለት ያሻል። ለኮርማው መራራት የመጣው ብዙ ዘግይቶ ነው።

ልማዱ ከጥንት የተወረሰ ነው የሚሉትም ሙሉ እውነት አልተናገሩም። በቀድሞው ዘመን ኮርማውን በፈረስ ሆኖ የሚወጋው መኰንኑ ነበር። ከ1700 ዓ.ም. ወዲህ የነገሠው ፊልጶስ 5ኛ፥ ከፈረንሳይ የመጣ በመሆኑ፥ ጨዋታውን ስላልወደደው መኳንንቱ ተዉት፤ ሜዳውም ለድኻው እግረኛ ቀረ። ዛሬ የምናውቀው ውጊያ ከዚህ የተወለደ ነው። ከነዚያ እግረኞች ስመ ጥሩው የሮንዳው ፔድሮ ሮሜሮ ከ5,000 በላይ ኮርማ ገድሎ አንድም ጊዜ ክፉኛ ሳይቈስል አረጀ ይባላል።

ካርሎስ 3ኛ በ1785 ዓ.ም. ውጊያውን ሲከለክል፥ ገቢው ለበጎ አድራጎት የሚውለውን ግን ተወው። እንግዲህ ነገሩን ያበላሸው ይህ ነው። የማድሪድ ሆስፒታል ራሱ ከኮርማው ሜዳ በሚገኝ ገንዘብ ይረዳ ነበርና፥ ቀንድ የወጋው ሰው የሚተኛበት አልጋ ሌላው ሲወጋ ለማየት በተከፈለ ገንዘብ ይገዛ ነበር። መንግሥት በአንድ እጁ የሚከለክለውን በሌላው እጁ የሚበላው ከሆነ ሕጉን ማን ይፈራዋል? በ1805 ዓ.ም. ካርሎስ 4ኛ ፈጽሞ ከለከለ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ የናፖሊዮን ወንድም ዮሴፍ ሕዝቡን ደስ ለማሰኘት እንደገና ፈቀደ። በ1830 ዓ.ም. ንጉሥ ፌርናንዶ 7ኛ በሴቪልያ የማታዶሮች ትምህርት ቤት አቆመ፤ አስተማሪውም ያው ሽማግሌው ሮሜሮ ነበር። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዎቹን ዘጋ።

የውጊያው ወዳጆች የሚያቀርቡት ክርክር ቀላል አይደለም። ኮርማው አራት ዓመት በነጻነት ሲሰማራ፥ ለቄራ የሚያድገው ከብት ግን በጠባብ በረት ታጭቆ በአጭር ዕድሜው ይታረዳል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ደግሞም ሰውዬው ነፍሱን ይሰጣል፤ ማኖሌቴ የተባለው ታላቅ ማታዶር በ1947 ዓ.ም. በሊናሬስ ከተማ ተወግቶ ሞቷል ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ሆኖም ማኖሌቴ በፈቃዱ ገባ፥ ኮርማው ግን ተነድቶ።

የፈረሱን ነገር ማንሣት ግድ ነው። ቀድሞ ፈረሰኞቹ የሚቀመጡበት ፈረስ መከላከያ ስላልነበረው አንጀቱ እየተዘረገፈ በሜዳው ይሞት ነበር። በ1928 ዓ.ም. መከላከያ ልብስ እንዲለብስ በሕግ ታዘዘ። የጨዋታው ጣዕም ይጠፋል ብለው ያጕረመረሙ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ያን ልመልስ የሚል አይገኝም።

በ1991 ዓ.ም. የካናሪያ ደሴቶች የእንስሳ ጥበቃ ሕግ አውጥተው የኮርማን ውጊያ አስቀሩ፤ ያው ሕግ ግን ልማድ በሆነበት ስፍራ የዶሮ ማዋጋትን ታገሠ። የካታሎኛ ምክር ቤትም በ2010 ዓ.ም. በ68 ድምፅ በ55 ላይ ውጊያውን ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ በኮርማ ቀንድ ላይ እሳት እያነደዱ በመንገድ የሚያሯሩጡበትን የራሱን የአገር ጨዋታ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ስለዚህ ርኅራኄው ከማድሪድ ለመለየት ካለው ምኞት ጋራ የተቀላቀለ መሆኑን መሰወር አይቻልም። የማድሪዱ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ውጊያውን የአገር ቅርስ ብሎ ደነገገ፤ በ2016 ዓ.ም. የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት የካታሎኛን ክልከላ ሻረው። ባርሴሎና ያለው ሞኑሜንታል የተባለው ታላቅ ሜዳ የመጨረሻውን ውጊያ ያየው ግን በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር፤ ፍርዱ በሩን ቢከፍትለትም ከዚያ ወዲህ ኮርማ አልገባበትም።